ልቧ ረጋላት

ጄኖቫ፣ ኅዳር 8 ቀን 1990 ዓ.ም.

እናትም እህትም ለሆንሽኝ ለእትዬ ከበቡሽ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጋሼ ባዬስ እንዴት ሰነበቱ? ሰፈሩ፣ ገበያው፣ ሐይቁ ሳይቀር ሰላም ነው ወይ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ አምላክ አልጣለኝም።

ልጅሽን ሜሮንን ሸኝቼ ስመለስ ክፍሌ ጠበበኝ። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እኔና እሷ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምናድረው። የልቧን ድምፅ ለምጄው ኖሮ አሁን ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ። እንደ እብድ ተነስቼ ባዶ አልጋዋን እዳብሳለሁ።

ስለ ድምፁ ድንገት ሰምተሽ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። በልጅነቷ ይመላለስባት የነበረው የጉሮሮ ሕመም ልቧ ድረስ ወርዶ አንደኛውን የልቧን በር አበላሽቶት ነበር። ሐኪሙ የተበላሸውን አውጥቶ የብረት በር ገጠመላት። በሩ በተዘጋ ቁጥር ጠቅ ይላል። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ አጠገቧ ላለ ሰው ሁሉ ይሰማል። ድምፁ ጤናዋ ነው እትዬ፤ ስትሰሚው ደስ ይበልሽ።

ዋናው ነገር ኪኒኑ ነው። ሐኪሙን “ለምንድን ነው ዕድሜ ልኳን የምትውጠው?” ብለው ወንበር ስቦ ተቀመጠና አስረዳኝ። ቢላ ሲቆርጠን ደማችን ረግቶ ቀዳዳውን ይደፍነዋል አይደል? ያ ባይኖር በአንድ ጭረት እናልቅ ነበር። ግን ደግሞ ደም በየደረሰበት ቢረጋም እንሞታለን። ስለዚህ ሰውነታችን ሁለቱንም አብሮ ነው የሚሠራው። የሚያረጋው አለ፤ “በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም” የሚለው አለ፤ ቁስሉ ሲድን የረጋውን መልሶ የሚያሟሟውም አለ። የደም ሥራችን የውስጥ ገጽ ራሱ ደሙን “እዚህ አትርጋ፣ እለፍ” ይለዋል አለኝ። ብረቱ ግን ደምን ማናገር አይችልም። ደሙም ባዕድ ነገር ሲነካው ቁስል መስሎት ሊደፍነው ይነሳል። በሩ ላይ ከረጋ ደግሞ በሩ አይከፈትም፣ አይዘጋም፤ ወይም የረጋው ተቆርሶ ይሄድና ሌላ ቦታ ይወተፋል። ለዚህ ነው የደም ማቅጠኛ ኪኒን የምትውጠው። ኪኒኑ ከበዛ ትደማለች፤ ካነሰ ይረጋባታል። ስለዚህ በየወሩ አዲስ አበባ ሄዳ ደሟን ታስለካ።

ደግሞም ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል አታብዙባት ብሏል። የኪኒኑን ጉልበት ይሰብረዋል። ይህን አደራ።

እሷን ያተረፈ አምላክ ለእናንተም ዕድሜውን ከጤና ጋር ይስጣችሁ።

ታናሽሽ ዕፀገነት

አዋሳ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕፀዬ፣

ክፉ አይይሽ። በሰው አገር ያስታመምሽውን እግዜር በልጅ ይክፈልሽ። ልጄን ተሸክመናት ሄዳ በእግሯ መለስሽልኝ፤ በምን አፌ ላመስግንሽ? እኛ ሁላችን ደህና ነን።

የመጣች ዕለት ሰፈሩ ደጄን ሞላው። እኔ እናቷ ነጠላዬን ሳስተካክል ሙሉዬ ቀድማኝ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሙሉዬን መቼም አትረሻትም፤ አጥር የምንዋሰናት፣ እኔ መናኸሪያ ሱቅ ስውል ሜሮንን አዝላ ያሳደገችልኝ የሲዳማ ሴት። ልጅቷ ከኔ አማርኛ፣ ከሷ ሲዳምኛ ጠጥታ ነው ያደገችው። ሁለቱ ወሬ ከጀመሩ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ነኝ። ሠላሳ ዓመት አዋሳ ኖሬ ከ“ስንት ነው” እና ከ“ቀንሺ” አላለፍኩም። ምን ታደርጊዋለሽ፣ ራሴ ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዕፀዬ፣ ይኼ ድምፅ ምን ጉድ ነው? “ስትሰሚው ደስ ይበልሽ” ብለሻል። ኧረ ደስታውን ለጠላቴ! አባቷ ባዬ “እኔ እንዲህ እየተቆጠረብኝ አልተኛም” ብሎ ፍራሹን ሳሎን አወጣ። ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰዉ ጸጥ ሲል ከፊቷ የቆሙ ባልቴት ዞር ብለው “ልጄ፣ ሰዓትሽን ቤት ትተሽ ብትመጪ ምን ነበረበት?” አሏት። ልጅቷ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ደራርባ እያለቀሰች ወጣች። እኔ በሳቅም በእንባም መሀል ነበርኩ።

ቀን ቀን እስቃለሁ፤ ቤቱ ሲተኛ ግን ሳቁ የት አለ? አንዱ ጠቅ ካለፈ በኋላ ሁለተኛው እስኪመጣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠብቀው። ሰው ልጁን እንዲህ ይሰማል? ከግድግዳው ወዲያ የሆነ ሰው ቆሞ በጥፍሩ በሩን የሚያንኳኳ ይመስለኛል። ክፈቱልኝ እያለ፣ ሳይሰለች። እንደ ፈሪ አትቁጠሪኝ። ፈርቻለሁ።

ደግሞ ደሟስ! ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ጫር ቢያደርጋት ሻሼ ሙሉ ደም ሆነ። በመፋቂያ ስትፍቅ ድዷ ይደማል። ማንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል። ኪኒኑ “ማቅጠኛ” ነው አልሽኝ። አንቺ ልጅ፣ ይህች አጥንቷ የወጣ ልጅ ምን የሚቀጥን ደም አላት? ይልቅስ የሚያወፍር ብትልኪልኝ ይሻል ነበር።

ሐኪሙን ጠይቂልኝ፤ ድምፅ የሌለው በር የለም ወይ? ከሌለ ደግሞ በሰው እጅ የግድግዳ ሰዓት ላኪልኝ፤ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል። ሳሎን ብሰቅለው እንግዳ ሲመጣ ከሰዓቱ ነው ብሎ ያልፋል፤ ልጄም አትሳቀቅም።

ስለ ሰላጣው አታስቢ። ቅጠል የሚበላው ፍየል ነው፤ እኛ ቤት ሰላጣ ገብቶ አያውቅም።

እህትሽ ከበቡሽ

ጄኖቫ፣ ጥር 20 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ከበቡሽ፣

የጌታ ጥምቀት በረከቱ ይድረሳችሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ባልቴቷ የጻፍሽው አሳቀኝ፤ ከዚያ በታች ያለው ግን አላሳቀኝም።

ሐኪሙን ጠየቅኩት። ድምፅ የሌለው የብረት በር የለም። ከከብት የሚሠራ ዓይነት አለ፤ እሱ ግን ለወጣት ቶሎ ስለሚያልቅ እንደገና መቀደድ ሊመጣ ነው። ሜሮን ሁለተኛ አትቀደድ እትዬ። እኔ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ተቀምጬ የጠበቅኩትን ጥበቃ ለማንም አልመኝም።

ሰዓቱን ልኬልሻለሁ። ታምሩ የሚባል የዲላ ልጅ ለዕረፍት ስለሚመጣ ሱቅ ድረስ ያመጣልሻል። ስገዛው ባለሱቁን “በጣም የሚጮኸውን ስጠኝ” ስለው ዕብድ መሰልኩት። ሰው ሁሉ ጸጥ ያለ ነው የሚጠይቀው አለኝ።

“ማቅጠኛ” ያልኩት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ደሟ አይመነምንም፤ መርጋቱ ብቻ ነው የሚዘገየው። እዚህ የማስታምማት አሮጊት፣ ሲኞራዬ፣ እሷም ይህንኑ ኪኒን ነው የምትውጠው። ሰላጣ አምጪልኝ ብላ ስትለምነኝ እንደ ሕፃን አታልላታለሁ። ድዷ የሚደማው ኪኒኑ ትንሽ በዝቶባት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ንገሩት፤ እሱ ያስተካክለዋል። እናንተ ግን ከራሳችሁ እንዳትቀንሱ። መፋቂያውን ትታ ለስላሳ ብሩሽ ትጠቀም።

አዲስ አበባ ሄዳ ተለካች ወይ? ምን አሏት? ይህን ሳትጽፊልኝ ነው ያለፍሽው። ለፈረንጅ ገና የላክሁት ካርድ ላይም ጠይቄሽ ነበር።

ስለ ማንኳኳቱ የጻፍሽው እኔንም አልለቀቀኝም። የሲኞራ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ እደነግጣለሁ። ያንን ድምፅ የሚያንኳኳ ሰው አታድርጊው። ዘበኛ ነው በይው። ዘበኛ ዱላውን መሬት እየመታ ሲዞር ሰው ተኝቶ ያድር የለም?

እስቲ ቶሎ ጻፊልኝ። ሜሮንም ሁለት መስመር ትጨምርልኝ።

ዕፀገነት

አዋሳ፣ መጋቢት 21 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕፀዬ፣

እንኳን ለጾሙ እኩሌታ አደረሰሽ! ዝም ማለቴን በክፉ አትውሰጂው፤ ገበያው ተጣቦ እጄን ይዞኝ ነው። ደግሞ ዛሬ የምጽፍልሽ ወሬ ቢዘገይም አይጎዳም። ቁጭ ብለሽ አንብቢና እልል በይ።

ሰዓትሽ ደረሰ። አቤት ጩኸት! ባዬ “ልጅቷን ሸፍኝ ብልሽ ሌላ ልጅ አመጣሽብኝ” አለኝ። ሳሎን ሰቀልነው። እንግዳ ሲመጣ ቀና ብሎ ያየዋል፣ “ደህና ሰዓት ነው” ይላል፣ ያልፋል። ሜሮን እንኳ ፈገግ አለች።

ጾሙ ከገባ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ልጅቷ ጹሚ ሳልላት “እኔም እጾማለሁ፣ ያተረፈኝ እሱ አይደል” አለች። እኔም እንግዲህ ደሟ ሲቀጥን ዝም ብዬ ላይ ነው? ሰው እንደሚለው ለደም ጎመን ነው መድኃኒቱ። ሙሉዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ ካለው ወንድሟ ጓሮ ለጋ ጎመን ገና ጤዛው ሳይደርቅ ታመጣለች፣ ራሷ ትቆርጠዋለች፣ እኔ በነጭ ሽንኩርት አበስለዋለሁ። ቁርስ የለም እንጂ ምሳም እራትም እሱ ነው። ዕፀዬ፣ ለውጡን ብታዪ! ድዷ መድማቱን ተወ። የበለዘው ክንዷ ጠራ። ባለፈው ቆርቆሮ ጣቷን ቢቧጭራት ደሙ ከመቅጽበት ቆመ። እኔና ሙሉዬ ተያየን። “ደሟ ሰው ሆነ” አልኳት።

ዋናውን ለመጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ድምፁ ጠፋ! መጀመሪያ ቀለል አለ። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲመታ የሚሰማውን ይመስል ነበር። አሁን የለም። ሰዓቱ እንዳያታልለኝ ከግድግዳው አውርጄ ባትሪውን አወጣሁና ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ሙሉዬም ለጠፈች። ምንም። ጸጥ። ያ የሚያንኳኳው ሰው ትቶን ሄዷል። ልቧ ረጋላት ዕፀዬ! ሰው “የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል” የሚለው እውነቱን ነው፤ መታገሴ ለዚህ ቀን ኖሯል። ባዬ ፍራሹን መልሶ አስገባ። እኔም እንደ ሰው መተኛት ጀምሬያለሁ።

አሁን ትንሽ ደከም ይላታል። ከታቦር ተራራ ሥር ካለው መንገድ ወደ ቤት ስትመጣ ሁለቴ ቆም ብላ ታርፋለች። ጾሙ ነው፤ በፋሲካ ቅልጥም ስትግጥ ይለቃታል። አዲስ አበባ ያለውን ነገር ደግሞ ከበዓል በኋላ እንሄዳለን፤ በጾም ወገብ አውቶቡስ ላይ አላንገላታትም። ኪኒኑን አልተውንም፤ ትውጣለች።

አንድ ነገር ብቻ። ልጅቷ ደስ አላላትም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትናንት “እማዬ፣ አንድ ሰው ከቤት የወጣ ይመስለኛል፤ ሳይሰናበተኝ” አለችኝ። ሂጂ ወዲያ፣ የልጅ ነገር አልኳት። ካንቺ ጋር የለመደችው ድምፅ ነውና ቅር ብሏት ይሆናል። ለአክስቴ እጽፍላታለሁ ብላ ወረቀት አውጥታ ነበር፤ ደክሟት ተወችው።

አሁን የምለምንሽ አንዳች ነገር የለም። አመስግኚልኝ ብቻ።

እህትሽ ከበቡሽ

ጄኖቫ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ።

የፈረንጆቹን ፋሲካ ለማክበር ሲኞራን ይዤ ተራራ ላይ ካለችው ልጇ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዛሬ ስመለስ ደብዳቤሽ ሳጥኑ ውስጥ ቆየኝ። ሻንጣዬን ሳላወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። “ድምፁ ጠፋ” የሚለው ላይ ስደርስ ቁጭ አልኩ።

ልቧ አይደለም የረጋው። ደሟ ነው የረጋው። በሩ ላይ ረግቶበት ነው መዝጊያው ድምፅ ያጣው። ድካሙ የጾም አይደለም። ድምፁ ጤናዋ ነው ብዬሽ ነበር፤ ድምፁ ከጠፋ ሞት ነው ማለት ግን ብዕሬ አልደፈረም፤ ላስፈራራሽ አልፈለግኩም። ጎመኑም ያው ነው። ሐኪሙ ሰላጣና ቅጠላ ቅጠል ብሎ ነገረኝ፣ እኔም እንዳለ ጻፍኩልሽ። ጎመንን ቅጠል ብሎ የሚጠራ ሰው በኛ ቤት የት አለ? ጎመን ጎመን ነው። የተቆረጠ ጣት ቶሎ ደሙ የሚቆምለት ጎመኑ ኪኒኑን ስላሸነፈው ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ጮኬ ነግሬሻለሁ። የሰማሽኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስልክ ያለው ጨርቅ ነጋዴው ዩኑስ ሱቅ ደውዬ፣ እግዜር ሲለው አንቺው እዚያው ቆመሽ አገኘሁሽ። “እንኳን አደረሰሽ፣ ደህና ነን” አልሽኝ። ሜሮንን አቅርቢልኝ ስልሽ “ተኝታለች” አልሽኝ። በጠራራ ቀትር? ድምፅሽ የሌላ ሰው ነበር። “ሆስፒታል ውሰጃት፣ ዛሬውኑ፣ ጎመኑን አቁሚ” ስልሽ “እሺ፣ እሺ፣ እሺ” አልሽ። አንቺ በሕይወትሽ ለማንም ሦስት ጊዜ እሺ ብለሽ አታውቂም። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

እንደገና ስደውል ዩኑስ ነው ያነሳው። “የሉም፣ ወጥተዋል” አለኝ። የት ሄዱ ስለው ስልኩን ዘጋብኝ። ዩኑስ ወሬ የማያልቅበት ሰው ነበር።

ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ ነገሩ ወይ ሆኗል ወይ አልፏል፤ ይገባኛል። እጄ ግን ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ከተሳሳትኩ ስደቢኝ። “አንቺ ሟርተኛ” በይኝ፣ ሳቂብኝ፣ ሁሉንም በይኝ። ዝም ብቻ አትበይኝ።

ዕፀገነት

አዋሳ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1990 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዕፀገነት፣

ከፋሲካ ወዲህ የጻፍሽልኝ ሦስቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ዩኑስም በደወልሽ ቁጥር ይነግረኝ ነበር። አልመጣሁም፤ ከስልክ የሸሸሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አትቀየሚው። አሁንም እጄን አስገድጄ ነው የምጽፈው።

ሜሮን በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ፣ እንደኔ ትንፋሽሽን ይዘሽ እንዳትጠብቂ።

የፋሲካ ዕለት ነው። ፈስከን፣ እንግዳው ወጥቶ፣ ብርጭቆ እያጠበች ሳለ ከእጇ ወደቀ። ተሰበረ ብዬ ልቆጣ ዞር ስል እጇን እያየችው ነበር። ቀኝ እጇን፣ የሌላ ሰው ዕቃ የያዘች ይመስል። ከዚያ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ። ስወድቅ ያዙኝ አላለችም። ምንም አላለችም። ተሸክመን እዚሁ ሆስፒታል አደረስናት፤ የረጋ ደም ከብረቱ ላይ ተቆርሶ ጭንቅላቷ ውስጥ የደም ሥር ዘግቷል፣ አዲስ አበባ መሄድ አለባት አሉን።

አንቺ የደወልሽው በማግስቱ ነው። ሱቁ ድረስ የመጣሁት ዩኑስን መኪና ልለምን ነበር። ስልኩን “ያንቺ እህት ናት” ብሎ ሲሰጠኝ አፌ በራሱ “ደህና ነን” አለ። በሰው አገር ብቻዋን ላለች ሴት በስልክ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? “ተኝታለች” ያልኩሽም ውሸት አልነበረም። ተኝታ ነበር፣ ሆስፒታል። “ጎመን! ጎመን!” እያልሽ ስትጮኺ ዩኑስ እንኳ ሰምቶ “ምን ጎመን ነው የምትለው?” አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ ዕፀዬ። እዚያው ጨርቅ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

ዩኑስ መኪናውን ሰጥቶን በዚያው ቀን ሄድን። አዲስ አበባ በመርፌም በመድኃኒትም ብዙ ታገሉላት። ቀስ በቀስ ድምፁ ተመለሰ። ሐኪሙ “ይሰማሻል?” ሲለኝ እንደ ዕብድ እልል አልኩ፤ አስታማሚው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያንን ድምፅ ስንት ዘመን ስረግመው የኖርኩ እኔ።

አካሏ እየተመለሰ ነው። ቀኝ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች፤ እጇ ገና ነው። አፏ ግን ዝም እንዳለ ቆየ። እኔና ባዬ ስሟን እንጠራለን፣ ታየናለች፣ ሌላ የለም። አዋሳ ከተመለስን በኋላ ሙሉዬ ገንፎ ይዛ ገባች፣ በራሷ ቋንቋ እያባበለች አጎረሰቻት። ልጅቷ አፏን ከፈተችና “ዋ” አለች። ሙሉዬ ጮኸች። “ዋ” ውሃ ማለት ነው፤ በሲዳምኛ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታወራለች። በየቀኑ ቃል ትጨምራለች። አማርኛ ግን የለም። አንድም። ሐኪሙን ስንጠይቀው ሁለት ቋንቋ ያለው ሰው እንዲህ ሊገጥመው ይችላል፣ አንዱ ቀድሞ ይመለሳል፣ ሌላው ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለን። እኔ ስናገር አፍ አፌን ታየኛለች፣ እኔ ገበያ ላይ ሲዳምኛ ሲወራ እንደማየው። ወልጄያት ዕፀዬ! አንዳንዴ እሷ ከዚያ ሳትሰናበት ሄዳ ሌላ ሰው በአፏ የሚያወራ ይመስለኛል። ከዚያ ፊቷን ታዞርና ትስቃለች፣ ሳቋ የሷው ነው፣ እፈራለሁ፣ እጸጸታለሁ።

በሲዳምኛ እናት “አማ” ነው። “አማ” ስትል እኔም ሙሉዬም እንነሳለን። የትኛችንን እንደጠራች አንጠያየቅም።

ድንጋይ ራሴን ይዤ ትምህርት ጀምሬያለሁ። አመመሽ ወይ፣ ራበሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ እነዚህን አውቄያለሁ። አነጋገሬን ስትሰማ ሙሉዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፤ ልጅቷም ትስቃለች። ይሳቁብኝ።

ስለ ጎመኑ ለባዬ ነግሬዋለሁ። ሦስት ቀን ፍራሹን ሳሎን አወጣብኝ፣ ከዚያ ተወው። ለሙሉዬ ግን አልነገርኳትም። በገዛ እጇ ነው ስትቆርጠው የከረመችው፤ ብታውቅ ትሞታለች። ጎመን ለምን እንደማንበላ ስትጠይቀኝ ሆዴን ያመኛል እላታለሁ።

ስለዚህ አንዲት ቃል ብቻ ልማር አልቻልኩም። “ይቅር በይኝ” በሲዳምኛ ምን እንደሚባል የምጠይቀው እሷን ነው፤ “ምን አድርገሻት?” ማለቷ አይቀርም። በአማርኛ ነው የምላት። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን እየጎነጎንኩላት፣ ይቅር በይኝ እላታለሁ። ልጅቷ ሳይገባት ሙሉዬን ታያለች። ሙሉዬም ልትተረጉምላት ወደኔ ዞራ “ምን አልሻት?” ትለኛለች።

“ደህና አደርሽ ነው ያልኳት” እላለሁ። እሷም እንደዚያው ትነግራታለች።

እህትሽ ከበቡሽ